ማን ጻፈው? ማንስ አረመው?

በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ዘወትር ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «ተማሪዎቹ የቤት ሥራቸውን ከውክፔዲያ ገልብጠው ያመጣሉ» የሚለው ነው። አቤቱታው እውነትነት አለው። ከአቤቱታው ጋር ተያይዞ የሚቀርበው ምክንያት ግን፣ ይኸውም «ማንም መንገደኛ የጻፈው ነገር እንዴት ይታመናል?» የሚለው፣ ሳይመረመር ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ፍርድ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሂስ ሲቀርብ ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ምን ለማለት እንዳሰበና ያሰበውን ምን ያህል እንዳደረሰ ይጠየቃል። ደራሲው አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ፣ ሥራውም ተጠናቆ ማተሚያ ቤት የማይገባ ሲሆን ሂሱ ከየት ይጀምራል? እኛ ከበጎ ፈቃደኛው ጸሐፊ መጀመሩን መርጠናል። ያለ እርሱ ሥራው የለምና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልን በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ውክፔዲያ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት፣ በተለመደው አጠራር ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ሥራው የተጀመረው በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲሆን ጀማሪዎቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ሰዎቹ ከዚህ በፊት፣ በ2000፣ ኑፒዲያ የሚባል ሌላ መዝገበ ዕውቀት አቋቁመው ነበር። የዚያኛው አሠራር ዛሬ ብዙ መምህራን «እንዲህ ቢሆን ኖሮ እናምነው ነበር» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጽሑፎቹ በየሙያው በታወቁ ምሁራን እንዲዘጋጁና እያንዳንዳቸው 7 የምርመራ ደረጃዎችን እንዲያልፉ ይደረግ ነበር። ውጤቱስ ምን ሆነ? በ2003 ሲዘጋ ምርመራውን አልፈው የወጡት ጽሑፎች ከ30 አይበልጡም ነበር። ውክፔዲያ በመጀመሪያ የታሰበው ለኑፒዲያ ረቂቅ መሰብሰቢያ እንዲሆን ነው፤ ሎሌው ጌታውን ወርሶ ቀረ። «ዊኪ» የሚለው ቃልም በሃዋይ ሰዎች ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ማንም ሰው አንድን ገጽ ከፍቶ ሊያርም፣ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ የተደረገው ለውጥ ሁሉ፣ ቀኑና ሰዓቱ ከአራሚው መለያ ጋር ተመዝግቦ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። የተሰረዘው እንኳ አይጠፋም፤ ማንም አንባቢ የዛሬ ዓመት የነበረውን ጽሑፍ አውጥቶ ከዛሬው ጋር ሊያነጻጽር፣ ካስፈለገም ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባም ጸሐፊዎቹ የሚከራከሩበት የውይይት ገጽ አለ። ሕጎቹ ብዙ ቢሆኑም ዋናዎቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፦ የምትጽፈው ነገር ሌላ ሰው ሊያጣራው በሚችል ምንጭ ይደገፍ፣ ለማንም ወገን አታድላ፣ ራስህ የደረስክበትን አዲስ ግኝት እዚህ አታውጣ። የታተመ መጽሐፍ የደራሲውን ሥርዝ ድልዝ ደብቆ ንጹሑን ብቻ ሲያሳይ ይኸኛው ጓዳውን ሳይቀር ክፍት አድርጎ ያሳያል። ለጽሕፈት መምህር ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ መኖሩን እንጠራጠራለን፤ ነገር ግን «ታሪክ» የሚለውን ከፍቶ የሚያይ ተማሪም ሆነ መምህር እምብዛም የለም።

እንግዲህ «ማንም መንገደኛ» ወደሚለው ክስ እንመለስ። በዲሴምበር 2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያና ከኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ 42 ጥንድ የሳይንስ ጽሑፎችን መርጦ የትኛው ከየት እንደመጣ ሳይነግር ለየሙያው ሊቃውንት አስመርምሮ ነበር። በአማካይ በእያንዳንዱ ጽሑፍ በውክፔዲያ 4፣ በብሪታኒካ 3 ያህል ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካዎች በአመራረጡና በቆጠራው ተቆጥተው ተቃውሞ ጽፈዋል፤ መጽሔቱም በበኩሉ አልመለስም ብሏል። ከክርክሩ ይልቅ ብዙ ሰው ያላስተዋለው የሊቃውንቱ ሥራ ስሕተቱ በታወቀ ማግስት በአንደኛው ሊታረም መቻሉ፣ በሌላው ግን የአዘጋጆቹን እርማት መጠበቅ ማስፈለጉ ነው።

በዚያው ዓመት የተፈጸመው ሌላ ነገር ግን ለከሳሾቹ ጥሩ ማስረጃ ሆኗቸዋል። ጆን ሲገንታለር የተባሉ ታዋቂ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር የሚገልጽ ፍጹም የሐሰት ታሪክ በስማቸው ገጽ ላይ ተጽፎ ለ4 ወር ያህል ማንም ሳያነሣው ቆይቷል። ጉዳዩ ከተጋለጠ በኋላ በእንግሊዝኛው ክፍል ሳይመዘገቡ አዲስ ገጽ መክፈት ተከለከለ። ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «ማንም ስለሚጽፍ ሐሰት ተጻፈ» የሚል ነው። እኛ ግን 4 ወር የሚለውን ቁጥር እናሰምርበታለን። ሐሰት የሚጽፍ ሰው በጋዜጣም፣ በመጽሐፍም፣ በሬዲዮም አይጠፋም። በዚያ ገጽ ላይ የጠፋው አንባቢ ነው፤ ይኸውም አንብቦ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁለተኛ ሰው።

ሂሳችን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋስትና የመጀመሪያው ጸሐፊ አዋቂነት ሳይሆን የሁለተኛው መኖር ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች በሚጎበኙት በእንግሊዝኛው ክፍል ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ዐሥረኛም ሰው ይገኛል። በትናንሾቹ ቋንቋዎች ግን አንዱ ይጽፋል፣ ማንም አያይም።

ይህንንም በምሳሌ እናስረዳ። በስኮትላንድ ከእንግሊዝኛ ጋር ዝምድና ያለው ስኮትስ የሚባል ቋንቋ አለ፤ የራሱም ውክፔዲያ አለው። በኦገስት 2020 አንድ አንባቢ እንዳጋለጠው፣ የዚያ መዝገብ ከ20 ሺህ በላይ ገጾች የተጻፉት ቋንቋውን በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ሥራውን ሲጀምር የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እየወሰደ ቃላቱን በመዝገበ ቃላት እየፈለገ አንድ በአንድ ይተካ ነበር። ልጁ ተንኮል አልነበረበትም፤ ቋንቋውን የሚረዳ መስሎት ለዓመታት ሳይታክት ሠርቷል። ወቀሳው ሁሉ በእርሱ ላይ ወረደ። ለመሆኑ የቋንቋው ባለቤቶች፣ መምህራኑና ደራሲያኑ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የት ነበሩ? እኛ እንደምናየው የጥያቄው ክብደት ከልጁ ይልቅ በእነርሱ ላይ ይወድቃል።

ሌላው ምሳሌ በፊሊፒንስ የሚነገረው የሴቡዋኖ ቋንቋ ነው። በገጽ ብዛት ብቻ ቢቆጠር ይህ መዝገብ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ይዞ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚጠራ ነው። ይሁንና አብዛኛውን የጻፈው አንድ ስዊድናዊ ያዘጋጀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ ስለ ነፍሳት ዓይነቶች፣ ስለ ወንዞችና ስለ ኮረብታዎች ከተዘጋጁ ሰንጠረዦች እየወሰደ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገሮችን ይደረድራል። ለሴቡ ተማሪ ይህ ምን ይጠቅመዋል? ቁጥር መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የጤፍ ክምር በቁመቱ ሳይሆን በፍሬው እንደሚለካ ማንም ገበሬ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን እንምጣ። የአማርኛው ውክፔዲያ ይህን ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ጊዜ 15 ሺህ ያህል ገጾች አሉት፤ የእንግሊዝኛው በ2025 7 ሚሊዮን ደርሷል። ይህን ልዩነት አንሥቶ ማልቀስ የተለመደ ስለሆነ እኛ አንደግመውም። 15 ሺህ ገጽ፣ ገጽ ሆኖ ቢጻፍ፣ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ ሲከፈት ነው የሚታየው። ከገጾቹ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር የያዙ ናቸው፤ አነጋገሩ ይጻፍና የአማርኛ ምሳሌ መሆኑ ይነገራል፤ መቼ እንደሚባል፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ በየአገሩ እንዴት እንደሚለያይ አይገለጽም። ምሳሌዎቹን የሰበሰበው ሰው ድካሙ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መዝገበ ዕውቀት የሚያስፈልገው ተማሪ ቃሉን ከአያቱ ሰምቶታል፤ የሚፈልገው አያቱ ያልነገሩትን ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ከጥንታዊት ግብፅ ፈርዖኖች መካከል ስማቸውን የታሪክ መምህር እንኳ ሰምቶት የማያውቀው በአማርኛ ገጽ ተከፍቶላቸዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም በትጋት የተሠራ ነው። ግን የበጎ ፈቃደኝነትን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። በጎ ፈቃደኛ የወደደውን ይጽፋል። «ይህን ጻፍ» ብሎ የሚያዘው አለቃ፣ «ይህ ይቀድማል» የሚል የሥርዓተ ትምህርት መምሪያ የለበትም። እንግዲያው ፈርዖኑን የሚወድ አንድ ሰው ሲገኝ ፈርዖኑ ይጻፋል፤ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን ካልመጡ ግን የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈልገው ገጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አንድን ፈቃደኛ የጻፈውን ነገር በመምረጡ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

የፊደላችን ነገርም አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ከገባ ወዲህ አማርኛን በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር መጻፍ ችግር መሆኑ እየቀረ መጥቷል። የቀረው ችግር የእኛው ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛውን ቢያንስ በሦስት መንገድ ብንጽፈው ስድስት ዓይነት ጽሕፈት ይወጣዋል። ለሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከዚህም የተነሣ ተማሪው በአንዱ ጽሕፈት ፈልጎ «የለም» ይባላል፤ ገጹ በሌላው ጽሕፈት ተቀምጧል። ይባስ ብሎም ሌላ ፈቃደኛ «የለም» መባሉን አምኖ ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። መድኀኒቱ ቀላልና አሰልቺ ነው፤ ከአምስቱ ጽሕፈቶች ወደ ስድስተኛው የሚመሩ ማዞሪያዎችን ማበጀት ነው። ይህን የሠራ ሰው ማንም አያመሰግነውም፤ አዲስ ገጽ እንደከፈተም አይቆጠርለትም። እኛ ግን ከአስር አዳዲስ ባለ ሁለት መስመር ገጾች ይህን አንዱን ሥራ እናስበልጣለን።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ ወደ ምንጭ ጉዳይ እንለፍ። አንድ ዕጩ መምህር ስለ ጤፍ ለመጻፍ ተነሣ እንበል። አባቱ ገበሬ ናቸው። ማሳው ስንት ጊዜ መታረስ እንዳለበት፣ ከመዘራቱ በፊት አፈሩ በከብት ለምን እንደሚረገጥ፣ ማኛው ከሠርገኛው በምን እንደሚለይ ከእርሳቸው የበለጠ የሚነግረው የለም። ይጽፈዋል። አንድ አራሚ መጥቶ «ምንጭ?» ይለዋል። «አባቴ» ቢል ሕጉ አይቀበለውም። ስለዚህ ምንጭ ፍለጋ ሄዶ በእንግሊዝኛ የታተመ የእርሻ ምርምር ጽሑፍ ያገኛል፤ የጽሑፉ አዘጋጅ ደግሞ ያን ዕውቀት ያገኘው ማሳ ድረስ ሄዶ ገበሬዎችን ጠይቆ ነው! የአባት ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋ ለውጦ፣ ታትሞ ሲመለስ ምንጭ ሆነ።

ይህን ያየ ሰው ሕጉን በንቀት ሊያየው ይችላል። እኛም አሠራሩ ለቃል ዕውቀት ጠባብ በር እንደሆነ አንክድም። አቻል ፕራባላ የተባሉ ሕንዳዊ ጸሐፊ በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ባካሄዱት ሥራ ላይ ባዘጋጁት ዘጋቢ ፊልም የተቀዳ የአዋቂዎች ቃል እንደ ምንጭ እንዲቆጠር ሐሳብ አቅርበው ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ነገር ግን ሕጉ ይፍረስ የምንል አይደለንም። ጤፍ በዓለም ገበያ ምን እንደደረሰበት እናስታውስ። በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘጋጀት ላይ የአውሮፓ የባለቤትነት መብት ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር፤ ይህም መብት በኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ተብሎ በሄግ ፍርድ ቤት የተወሰነው በኖቬምበር 2018 ነው። እንዲህ ባለ ሙግት የሚረዳው «ሁላችንም እናውቀዋለን» የሚለው ቃል ሳይሆን ቀን ያለበት፣ የተጻፈ፣ የሚጠቀስ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የዕጩ መምህሩ ሥራ ሁለት ነው፤ የአባቱን ቃል በመጀመሪያ ሊጠቀስ በሚችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በተቋሙ መጽሔት ወይም በጥናታዊ ጽሑፍ ማሳተም፣ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ውስጥ ማስገባት። ረጅም መንገድ ነው። በየማሠልጠኛ ተቋማቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱት የመመረቂያ ጽሑፎች ስንቱን የአገር ዕውቀት እንደያዙ የሚያውቅ ሰው ግን መንገዱ ግማሽ የተጠረገ መሆኑን ይረዳል።

ስለ ቋንቋው አጻጻፍም ጥቂት ማለት አለብን። «ለማንም አታድላ» የሚለው ሕግ ወደ አማርኛ ሲገባ ያልታሰበ ፈተና ይገጥመዋል። ይኸውም አንቱታ ነው። ስለ ዐፄ ምኒልክ ሲጻፍ «ተወለዱ፣ ነገሡ» ይባላል፤ ስለ አይዛክ ኒውተን ሲጻፍ «ተወለደ፣ ደረሰበት» ይባላል። እቴጌ ጣይቱ «ቆረቆሩ»፣ ማሪ ኩሪ «አገኘች» ይሆናሉ። ጸሐፊው ምንም አድልዎ ሳያስብ ሰዋስዉ ያዳላበታል። የራስን ወገን ማክበር፣ ባዕዱን ማቅለል ይመስላል፤ አንዳንዴም የገዛ አገራችንን ሰዎች «እርሳቸው» እና «እርሱ» እያልን እንከፋፍላለን፤ በአብዛኛው ባለሥልጣኑ «እርሳቸው»፣ አዝማሪው ወይም ሸማኔው «እርሱ» ይሆናል። ይህን የሚፈታ መመሪያ ከውጭ አይመጣም፤ እንግሊዝኛ ይህ ችግር የለበትምና። በእኛ አስተያየት ለአዋቂ ሰው ሁሉ፣ ለአገር ልጅም ለባዕድም፣ ለንጉሥም ለሸማኔም «እርሳቸው» ማለት ይሻላል። የማይስማማ ይኖራል፤ የውይይት ገጹ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ከዚህም ሌላ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ ዓረፍተ ነገር አለ። «እርሱ በሥራዎቹ የሚታወቅ ነው እርሱም በ1920 ውስጥ ተወለደ» የሚል ዓይነት አማርኛ (ምሳሌውን እኛው ነን ያዘጋጀነው) ፊደሉ እንጂ አካሉ የእኛ አይደለም። ለሳይንስ ቃላትም እንዲሁ ነው። «ሕዋስ»፣ «ስበት»፣ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚሉ ቃላት በመማሪያ መጻሕፍት ተሠርቶባቸው ሳለ እነርሱን ሳይፈልጉ አዲስ ቃል መፍጠር ወይም የእንግሊዝኛውን እንዳለ በፊደላችን መጻፍ ለአንባቢ ሸክም ይጨምራል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው በክፍል ውስጥ ያልገባውን ነገር በሚያስብበት ቋንቋ የሚያብራራለት ገጽ ይፈልጋል። ያ ገጽ ራሱ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

በነጻ ተጽፎ፣ ስም ሳይነሣበት፣ ለሌላ የሚተላለፍ ሥራ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር ሁለት ነገሮችን እናስታውሰው። በ18ኛው ምዕት ዓመት ዲድሮ የመራው የፈረንሳዩ ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ 17 የጽሑፍ ጥራዞች ሲኖሩት፣ ከጽሑፎቹ ሩብ ያህሉን፣ ማለትም ወደ 17 ሺህ የሚሆኑትን፣ ያለ ደመወዝ የጻፉት ሉዊ ደ ዦኩር የተባሉ አንድ ሰው ናቸው። ዲድሮን ዓለም ያውቀዋል፤ ዦኩርን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ የግዕዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አደራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስተላለፉ፤ አለቃም ዕድሜያቸውን ሁሉ ደክመውበት ሳያሳትሙት ስላረፉ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የመጀመሪያው ሰው ያላየውን ሦስተኛው አሳተመው። መቀባበሉ የሆነው ግን ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ጽሑፍ አንብቦ፣ አርሞና ጨምሮ መቀጠል የሚችል ሆኖ ስለሠለጠነ ነው። ዛሬ በአማርኛው መዝገብ የጎደለን እንዲህ ያለው ተረካቢ ነው።

ተረካቢው ለምን ጠፋ ቢባል ምክንያቱን በስንፍና ላይ ብቻ ማላከክ ትክክል አይደለም። ፈቃደኛው የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ የሚጽፈው የፈተና ወረቀት አርሞ ሲጨርስ፣ መብራት ካለ፣ በስልክ ላይ ነው። በጁን 30 ቀን 2020 በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በቆየ ጊዜ በአማርኛው መዝገብ ላይ መሥራት የሚችሉት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ አማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ወገኖች የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ተማሪው ምን እንደቸገረው የሚያየው ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ነው። ደግሞ አዲስ መጤን የሚያስፈራ አራሚ አለ፤ ጀማሪው የለፋበትን ገጽ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ሰርዞት ይሄዳል። የተማሪን ደብተር በቀይ እስክሪፕቶ ሰርዞ ያለ አስተያየት የሚመልስ መምህር ምን ዓይነት መምህር ነው? ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን አይደለም።

ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው አዲስ ነገር ደግሞ በቅርብ ዓመታት መጥቷል። ዛሬ የሰውን ቋንቋ ለሚጽፉና ለሚተረጉሙ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ከሚቀርቡላቸው ንባቦች አንዱ ውክፔዲያ ነው። በመጻሕፍትና በጋዜጦች ብዛት ለበለጸገ ቋንቋ ይህ ከብዙ ምንጮች አንዱ ብቻ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት ጽሑፍ ላለው ቋንቋ ግን ድርሻው ከፍ ይላል። የተበላሸ ጽሑፍ ተነቦ የተበላሸ ትርጉም ይወጣል፤ ያንን ትርጉም ቋንቋውን የማያውቅ ሌላ ፈቃደኛ ወስዶ መልሶ መዝገቡ ላይ ይለጥፋል። የግሪንላንድ ቋንቋ ውክፔዲያ በዚህ ምክንያት በ2025 እንዲዘጋ ተወስኗል፤ እንዲዘጋ የጠየቀውም ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረ የራሱ ኃላፊ ነው። አማርኛ ከግሪንላንድ ቋንቋ እጅግ የሚበልጥ ተናጋሪ አለው። በስኮትላንድም የቋንቋው ተናጋሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ገጹን አልከፈቱትም እንጂ።

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ «ውክፔዲያን የጠቀሰ ዜሮ ያገኛል» የሚለው ማስታወቂያ ምን ሠራ? ተማሪው መገልበጡን አልተወም፤ ምንጩን መጥቀሱን ግን ተወ። በእኛ በኩል የምንመርጠው የቤት ሥራ ሌላ ነው። መምህሩ አንዲት አጭር የአማርኛ ገጽ ይምረጥ፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ምንጭ የሌለውን ዓረፍተ ነገር ያስምሩ፤ ምንጩን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ወይም ከቤተ መጻሕፍት ይፈልጉ፤ ሳይገኝ ከቀረም በውይይት ገጹ ላይ በትሕትና ይጠይቁ። አንድ ክፍል በአንድ ሴሚስተር ሦስት ገጽ ቢያጸዳ ብዙ ነው። «በአንድ ቀን መቶ ገጽ እንክፈት» የሚሉ ዘመቻዎች በፎቶግራፍ ደምቀው ሲያልፉ ስለምናይ ይህን አበክረን እንናገራለን፤ የዘመቻው ቀን ካለፈ በኋላ መቶውን ገጽ ማን ይጠብቃቸዋል?

ኢንተርኔት ለሌላቸው ት/ቤቶች በ2007 የተጀመረ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የመዝገቡን ገጾች በአንድ ጊዜ ገልብጦ በፍላሽ ወይም በኮምፒዩተር ላይ ስለሚያስቀምጥ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በገጠር ላለ ት/ቤት ይህ ውለታ ነው። ይሁንና እንዲህ በተገለበጠው ቅጂ ላይ አንባቢው ምንም ሊያርም አይችልም፤ የገጹ ታሪክም፣ የውይይት ገጹም አብረው አይመጡም። ቅጂው በተወሰደበት ቀን ገጹ ላይ የነበረው ስሕተት፣ አዲስ ቅጂ እስኪመጣ ድረስ ለዓመታት፣ በዚያ ት/ቤት እውነት ሆኖ ይነበባል።